ሠላሳ አራት ዓመት ያለ አደጋ

«ለእሷ እንዳታሳዩብኝ፤ ስልክ ጠጋኝ ናት እኮ።»

ጠጋኟ ይህን የሰማችው ደረጃ ላይ ሆና ነው። የአማቶቿ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሷ ገና ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆማ የመሣሪያ ቦርሳዋን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ታዛውር ነበር። ድምፁ የአማቷ የሹፌሩ ነው። እሱ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል፤ ሹክሹክታው ግን በሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ማዶ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተራ የያዙት ሰዎች ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። ከኋላዋ የሚመጣው ባሏ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ የግድግዳውን ቀለም መላላጥ መመርመር ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው በአባቱና በሚስቱ መካከል ሲገኝ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። እሷም መውጣቷን ቀጠለች። በልቧ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰው አፍ ስለ እሷ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው። እንደምን አደሩ ስትለው ዝም፣ እንደምን አመሹ ስትለው ዝም። ከገበያው ጀርባ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል በሆነች ሱቋ ውስጥ የሰፈሩን ሬዲዮ፣ የሰፈሩን ስልክ፣ አንድ ጊዜም የፖሊስ ጣቢያውን ደወል ጠግናለች፤ የሹፌሩ ሬዲዮ ግን ሲበላሽ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ይሄድ ነበር።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ የነዳው ሠላሳ አራት ዓመት ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም፤ ይህንን የሚመሰክር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ዕድሜህን ሙሉ መሬት ለመሬት ስትሄድ ኖረሃል፣ እንግዲህ ብረር ብለው በሪሞት የምትነዳ ሄሊኮፕተር ሸለሙት። ርዝመቷ ክንድ ተኩል ይሆናል፣ ቀለሟ ብርቱካናማ ነው፣ ዋጋዋም ከአንድ ደህና ብስክሌት ይበልጣል ተብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ እንግዳ ሲመጣ ያሳያት ነበር። እሱ ግን የመመሪያውን መጽሐፍ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና አጠናው፤ ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ወደ ግቢው እየወረደ መጀመሪያ አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ፣ ቀጥሎ አንድ ፎቅ ማስነሣት ተማረ። ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው በሌለበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። እዚያ ስትደርስ ሐሳቧን ቀየረች። መሪውን ወደ ቀኝ ቢል እሷ ወደ ግራ፤ ውረጂ ቢላት ወደ ፊት፤ በመጨረሻም የዚያ ፎቅ ነዋሪ የሆነውን የጥርስ ሐኪም የቴሌቪዥን ዲሽ መታ፣ ተገለባብጣ ወርዳ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በተሰጣ አንሶላ ተጠቅልላ ቀረች።

የጥርስ ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀውን ጨዋታ ያይ ነበር። አንድ ለአንድ ናቸው፣ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቷል፣ መቺው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሏል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ። ገባ አልገባ የሚለውን ያወቀው ከጎረቤት ጩኸት ነው፤ የሰው ግብ በግድግዳ መስማት ደግሞ የሰው ድግስ በግድግዳ እንደ መስማት ነው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆነ በዚያው ምሽት ወረቀት አዘጋጀ፤ ማንኛውም በራሪ ዕቃ ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ እንዳይነሣ፣ ባለንብረቱም ይህን አውቆ እንዲፈርም። ሹፌሩ ጥፋቱ የዕቃዋ ነው፣ እኔ መሪ ይዤ አላጠፋሁም አለው። ሐኪሙም የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ማለት እንዲህ ነው ብሎ መለሰለት፤ ግን ፍትሕ አይጉደል ብሎ እስከ እሑድ አሥር ሰዓት ጊዜ ሰጠው። ብልሽት ከሆነ ይታያል፣ ይታለፋል። የሰው ጥፋት ከሆነ ይፈረማል።

ሹፌሩን ያስጨነቀው ፊርማው አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያንን በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት እያሰበ አልተኛም፤ ጠዋት ጠጋኟ ስትገባም ቆሞ እያየው ነበር። ሰላምታ ሰጠችው፤ አልመለሰም። ልጁ በወፍራም ድምፁ «እንዴት አደርክ» ሲለው ግን ዞር ብሎ አቀፈውና ዲሹን እንዲያቃና ወደ ሐኪሙ በረንዳ ላከው። ከዚያች ደቂቃ አንስቶ እስከ ከሰዓት ድረስ የዚያን ልጅ ነገር ከመስኮቱ ውጭ በድምፅ ብቻ ነበር የሚያውቁት። «አሁንስ?» ይላል። «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል ሐኪሙ ከውስጥ። «አሁንስ?» «አለፍከው፣ ተመለስ።»

የቤቱ እመቤት ዳኛዋ ትባላለች። ፍርድ ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላት በውሃ፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያና በልብስ ማስጫ ገመድ የሚጣሉ ጎረቤቶች ናቸው። ኩሽናዋ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አሉ፣ አንዱ ለከሳሽ አንዱ ለተከሳሽ፤ እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ትፈርዳለች። ለሰው ሁሉ የምትፈርደው ይህች ሴት ከገዛ ባሏ ጋር ከዓመት በላይ ኩርፊያ ላይ ናት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፣ ልጇ ሲጠይቃት እሱን ጠይቀው፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል ትላለች። ሹፌሩ ተጠይቆ ግን የምን ኩርፊያ ብሎ ይገረማል። እናም ቤቱ ውስጥ ዝምታ እንደ አንድ ተጨማሪ የቤት ዕቃ ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ እንዳያደናቅፈው ዞሮ ያልፋል።

ሄሊኮፕተሯን ጠረጴዛው ላይ ያቀረበችው ዳኛዋ ናት። ሹፌሩ ለሌላ ባለሙያ ሊደውል ስልኩን ሲፈልግ እሷ ጨርቅ አነጠፈች፣ ብርቱካናማዋን ፍጡር በጨርቁ ላይ አስተኛች፣ ለምራቷ ወንበር ሳበች። እሑድ ሱቁን የሚከፍት ባለሙያ የለም፣ ያለነው እኛ ነን አለች ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ሹፌሩ ፊቱን አጨማደደ እንጂ አልተቃወመም፤ ጠረጴዛው ዳር ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፣ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አቅፎ። እርሱ እንዳለው የተሰበረውን ክንፍ ከመለዋወጫው ከረጢት አውጥቶ ለውጧል፣ የተጣመመውን ጅራት አቃንቷል፣ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቋል። በመካኒክ ሥራው በኩል ምንም አልቀረም። ግን ባትሪዋ ሲሰካ አትነሣም፤ አንድ ጎኗ ብቻ ሕልም እንደሚያይ ውሻ ይንቀጠቀጣል።

ጠጋኟ ቦርሳዋን ከፈተች። መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ማሽተት ነው። የተቃጠለ ኤሌክትሮኒክስ ሽታ አለው፣ ሽታ ከሌለ ተስፋ አለ። ሽታ አልነበረም። ቀጥላ ክንፎቹን ፈትታ አነሣች፣ የዋናውን ሞተር ሽቦዎችም ለየች፤ የሚቆርጥ ነገር ሲመረመር መጀመሪያ ጥርሱ ይወልቃል። ሹፌሩ ይህንን ሲያይ ቅንድቡ ትንሽ ወጣ፣ እሱም መኪና ሥር ከመግባቱ በፊት ጎማ የሚያስደግፍ ሰው ነበርና። ባትሪዋን አገላብጣ አየች፤ አላበጠም። ቴስተሯን አስነካችው፤ ደህና ቮልት አለው። ሰካችው። መንቀጥቀጡ ጀመረ።

የላይኛውን ክንፍ ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብሉ የክብሪት ቀፎ ግማሽ የሚያህሉ ሦስት ሞተሮች አሉ። የሚንቀጠቀጠው መካከለኛው ነው። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ሞተሩ ሞቷል፣ ግዙ ይል ነበር፤ አንዱ ብቻውን የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ያወጣል። እሷ ግን የመካከለኛውን መሰኪያ ነቅላ በጎረቤቱ ቦታ ሰካችው፣ የጎረቤቱን በእሱ ቦታ። መንቀጥቀጡ ያንኑ ሞተር ተከትሎ ሄደ። ስለዚህ ትእዛዝ ሰጪው ደህና ነው፤ በሽታው ከሞተሩ ወይም ከሽቦው ነው። ሽቦውን በሁለት ጣቶቿ እየቆነጠጠች ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፈችው። መሀል ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ስትለቀው ተንቀጠቀጠ። ላዩ ምንም ያልሆነ፣ ውስጡ የተበጠሰ። እንደ አንዳንድ ሰው፣ አለች በልቧ፣ ግን ሥራ ላይ ስለነበረች ማንን እንደሆነ አላሰበችም።

«አገኘሽው?» አለ ሹፌሩ። በዓመት ውስጥ እሷን በቀጥታ ያናገራት መጀመሪያው ነበር፤ ልጁ በረንዳ ላይ ስለሆነ ሌላ አስተርጓሚ አልነበረውም።

ዓይኖቹ በርተው ነበር። አዎ ብትለው ነገሩ አልቆ ነበር። የተበጠሰ ሽቦ እጅ ከፍንጅ ተይዟል፣ ለሐኪሙ ማሳየት ይቻላል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል፣ መስታወቱም በግድግዳው ላይ እንደ ተከበረ ይኖራል። ጠጋኟ ግን ሱቋን ከከፈተች ጀምሮ ያላየችውን ብልሽት አይቻለሁ ብላ አታውቅም፤ ሱቋም ከጎረቤት ሱቆች ያነሰ ትርፍ ያላት በዚሁ ምክንያት ነው። ሽቦው የተበጠሰው ብረቱ ታጥፎ በተጫነው ቦታ ላይ ነው፣ ብረቱ ደግሞ የታጠፈው ስትወድቅ ነው። የአደጋው ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ከዚያ መበየጃዋን አሞቀች፣ ሽቦውን ላጠች፣ በሊድ አያያዘች፣ በናስትሮ ጠቀለለች። መንቀጥቀጡ ቆመ። ሹፌሩ በጣም አዝኖ ተመለከታት፤ የቀጠረው ጠበቃ ለከሳሽ እንደመሰከረበት ሰው።

የቀረው የሄሊኮፕተሯ የሬዲዮ መቀበያ ነው። መብራቷ አረንጓዴ ሆኖ መቆም ሲገባው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የሚያናግረኝ አጣሁ ማለቷ ነው። አንቴናዋ አልተቆረጠም። መሰኪያዋ አልላላም። ጠጋኟ እጇን ዘርግታ ከጠዋት ጀምሮ ሹፌሩ ደረቱ ላይ ያቀፈውን ሪሞት ጠየቀችው። እሱን ማንም አልጠረጠረውም ነበር፤ አልወደቀም፣ አልተጋጨም፣ ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። ሹፌሩ አልሰጣትም። ራሱ አበራውና መብራቱን እያሳየ ይኸው ደህና ነው አለ።

ሪሞቱ ይጮኽ ነበር። ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ ጥርስ የሚያንገበግብ ጩኸት፤ ባትሪዬ አልቋል፣ አሳርፈኝ የሚል። ጠጋኟ ቀና ብላ አየችው። ሹፌሩ ፊቱ ላይ ምንም የለም። መብራቱን እያየ የመንጃ ፈቃዱን ለትራፊክ ፖሊስ እንደሚያሳይ ሰው በኩራት ይዞታል። ከኩሽና ዳኛዋ «ኧረ ያንን ነገር አጥፉልኝ» አለች። ይህንንም አልሰማም። ጠጋኟ ሪሞቱን ተቀብላ አጠፋችው።

ጠጋኟ በሱቋ ውስጥ አንድ ሕግ አላት፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ነው፣ ሦስት ጊዜ ከታየ ብልሽት ነው። ስለዚህ ዞር ብላ ቦርሳ የምትፈልግ መስላ ከጀርባው ሪሞቱን አበራች። ጮኸ። ሹፌሩ የጨርቁን ጥለት በጣቱ ይከተላል። አጠፋች። ቆየት ብላ ከጆሮው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አበራች። ሹፌሩ አዛጋ። ከዚያ በተፈጥሮ ቀጭን ድምፅዋ «አባባ» አለች። ዝም። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ባሏ አወፍራ «አባባ» አለች። «አቤት» ብሎ ዞረ።

ጠጋኟ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንድ ዓመት ሙሉ ያፈሰሰችው እንደምን አደሩና እንደምን አመሹ ሁሉ መሬት ላይ ወድቆ ታያት። ማሳቅም ማስለቀስም ይችል ነበር፤ ግን ገና ሪሞቱን አልከፈተችም። በካቻቢቴ የጀርባውን ክዳን አነሣች። ውስጡ ስድስት ባትሪዎች አሉ። አራቱ አዲስ ናቸው፣ የሚያብለጨልጩ። ሁለቱ አሮጌ ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው አናት ላይም በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ። በዚህ ቤት የጥፍር ቀለም ለጥፍር ውሎ አያውቅም። ዳኛዋ የራሷ የሆነውን ዕቃ ሁሉ፣ የድስት ክዳን፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ጃንጥላ፣ በቀይ ነጥብ ታትመዋለች፤ ክስ ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል ብላ።

ኩሽና ስትገባ የዳኛዋ ሬዲዮ በደንብ ይናገር ነበር። በዚህ ዓመት እንደዚህ ጥርት ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ፕሮግራሙ የሕግ ምክር ነው፣ ጠበቃው ስለ ሰው ንብረት ያለ ፈቃድ መውሰድ እያብራራ ነበር። ጠጋኟ ሁለቱን አሮጌ ባትሪዎች መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋች። ዳኛዋ አየቻቸው፣ ቀጥላ ምራቷን አየቻት፣ ቀጥላ ሬዲዮውን አጠፋችው። ለሌሎች የተዘጋጁት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ ትንሽ አመንትታ የተከሳሹ ላይ ተቀመጠች። አርብ ዕለት የውርስ ጉዳይ ሲተነተን መሀል ላይ ሬዲዮው ሞተባት፣ ወንድምየው ይወርሳል አይወርስም የሚለው ላይ። ሱቁ ተዘግቷል። ሪሞቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስድስት ባትሪ ለአንድ መጫወቻ ምን ይሠራለታል፣ አራቱ አይበቃውም ወይ ብላ አሰበች፤ ከዚያም ባዶ ቦታ እንዳይቀር አሮጌዎቹን ተካች። ይህን ሁሉ የነገረቻት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሬዲዮውን ገልብጣ ሁለቱን አዳዲስ ባትሪዎች አውጥታ ሰጠቻት።

«ትነግሪዋለሽ?» አለች።

«እሱን እርስዎ ይንገሩ። እኔ የምነግራቸው ሌላ ነው» አለች ጠጋኟ፤ ምን እንደሆነ ግን ለዳኛዋ አልነገረቻትም።

ምሥጢርን ለማይሰማ ሰው መንገር ቀላል ሥራ አይደለም። አጠገቡ ተቀምጣ በአክብሮት ዝቅ ብላ አባባ፣ ጆሮዎን አለችው። ምን አላት። ትንሽ ከፍ አድርጋ ጆሮዎ አለችው። ጅራቷ ነው አላት፣ ጅራቷንማ አቃንቻለሁ። ከፍ ካለ ደግሞ ኩሽና ይሰማል፣ ከዚያም ከፍ ካለ የሐኪሙ በረንዳ ይሰማል። ስለዚህ የመመሪያውን መጽሐፍ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ቀደደችና ጻፈችለት፤ ሄሊኮፕተሯ ምንም አልነበራትም፣ የሪሞቱ ባትሪ አልቆ ነው፣ ሪሞቱ ባትሪ ሲያንሰው በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ትናንትም ሳይጮኽ አይቀርም፤ እርስዎ ቀጭን ድምፅ አይሰሙም።

ሹፌሩ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከውጭ «አሁንስ?» ይላል ልጁ። ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ አለው፣ ሹፌር ሆኖ ያለ እስክሪብቶ የሄደበት ቀን የለም፤ አውጥቶ ከሥሩ ጻፈ። «የአውቶቡሱ ሞተር በቀኜ በኩል ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት።» ቀጥሎ «ማን ያውቃል?» ብሎ ጻፈ። እኔ ብቻ ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል አንድ ነገር አስቦ መልሶ ዘረጋውና በትናንሽ ፊደላት «አንቺም ድምፅሽ ቀጭን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ የተናገረው በራሱ ሹክሹክታ ነበር፣ እንደ እድል ሆኖ ዳኛዋ ቧንቧ ከፍታ ነበር። ሰላም ሳትለው የምትገባና የምትወጣ ምራት ናት፣ ባሕሪዋ ነው ብሎ ትቷት ኖሯል። ሬዲዮውንም ወደ ሌላ ጠጋኝ የወሰደው ከማያከብረኝ ሰው ደጅ አልሄድም ብሎ ነው።

ጠጋኟ ለእጇ ሥራ ሰጠችው። ከቦርሳዋ የሞቱ ስልኮችን ዕቃ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ አወጣች፤ ከውስጡ የስንዴ ፍሬ የምታክል ስልክን የምታንዘረዝር ሞተር መረጠች። ሪሞቱን ከፍታ ከመጮኺያው ጋር አያይዛ በየደችው፤ ቀጭን ማስጠንቀቂያ ባለ ቁጥር እጀታው እጅ ውስጥ እንዲንቀጠቀጥ። አዲሶቹን ባትሪዎች መለሰች፤ መቀበያዋ አረንጓዴ ሆነ። ሪሞቱ የበረራ ሰዓት መቁጠሪያ ስላለው ሦስት ደቂቃ ላይ ሞላችውና ለሹፌሩ ሰጠችው። ጠበቁ። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ሹፌሩ ደነገጠ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ ከዓመታት በኋላ የጥንት ወዳጁን ድምፅ እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወረቀቱን በፕላስቲክ ማህደር ይዞ ግቢ ወረደ። ዲሹ አሁንም አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ቢል ጥሩ ነበር፣ ግን ምስል አለ። የጠጋኟ ባል ፀሐይ ለብልቦት ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ዳኛዋ ከበረንዳ ከመታዘብ በቅርብ ማየት ይሻላል ብላ ይመስላል ራሷ ወርዳ ከባሏ ጀርባ ቆመች። ሹፌሩ ግራና ቀኝ አየ፣ ከኋላውም አየ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ልማድ ነው፤ ከዚያ አስነሣት። ብርቱካናማዋ ሄሊኮፕተር ወጣች፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ርቃ ዞረች፣ ከሐኪሙ ዲሽ ፊት ለፊት ደርሳ በአክብሮት ቆም አለች፣ ተመለሰች። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ የሹፌሩ ክርን ትንሽ ነቃ አለ፤ ቀስ አድርጎ አወረዳት፣ ፌርማታ ላይ አሮጊት እንደሚያወርድ።

ሐኪሙ ታዲያ ትናንት ምን ሆኖ ነበር ብሎ ጠጋኟን ጠየቃት። ሰው ሁሉ አያት።

«የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም አልተሰማም። አሁን አስተካክዬዋለሁ» አለች።

እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። አልተሰማም የሚል ግሥ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ቤት በፈረሰ። ሐኪሙ ብልሽት ነው ማለት ነዋ ብሎ ማህደሩን ዘጋ። ዳኛዋ ግን ዳኛ ናት። ስንት ሰው «ተሰበረ» ሲላት ማን ሰበረው ብላ የጠየቀች ሴት፣ ከባሏ ጀርባ ሆና «ያልሰማው ማነው?» አለች።

ሹፌሩ ጥያቄውን አልሰማም፤ የሰዎቹ ዓይን አንድ ላይ ወደ እሱ ሲዞር ግን አየ፣ ሹፌር መስታወት ማንበብ ይችላል። ወደ ጠጋኟ ተመለከተ። ከኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አወጣና ዞሮ ለሚስቱ ሰጣት። መነጽሬን አልያዝኩም አለችና መለሰችለት። እንግዲያው ላንብብልሽ ብሎ ያነበበው፣ ለሚስቱ ብቻ በጆሮዋ እንደሚነግራት ሆኖ፣ አራቱም ፎቅ በረንዳ ላይ ሰው እስኪወጣ ድረስ ነው። «እርስዎ ቀጭን ድምፅ አይሰሙም» የሚለው ላይ ሲደርስ ማዶ ዳቦ ቤት በር ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ አየ። ሐኪሙ ማህደሩን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ዲሹን ልየው ብሎ ቀስ ብሎ ሄደ።

ዳኛዋ የሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። ባሏም አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ጮክ ብላ።

«ያልሰማሁትን ነገር ከመቼ ጀምሮ እንዳልሰማሁት በምን አውቃለሁ?»

«ከዓመት በላይ አኩርፌህ ነበር እኮ።»

ሹፌሩ ከልቡ ተገረመ። «እኔ ደግሞ ዕድሜ አረጋጋት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

ዳኛዋ ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ግን ሌላ ነገር አስታወሳት መሰለኝ፣ ወደ ምራቷ አንድ ጊዜ አየችና በዓለም ላይ ካለው ሁሉ በቀጠነ ድምፅ «ባትሪዎቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። ሹፌሩ ሄሊኮፕተሯን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቧራዋን ይጠርጋል። «ነግሬዋለሁ፤ ምስክሬ ነሽ» አለች ጠጋኟን። ከዚያ ተነሥታ ሞተሩ ባልነበረበት በግራ ጆሮው በኩል ዞራ ተቀመጠች።

«አምና ጫማህን ስትቀባ፣ ጡረታ ስትወጣ እኅቴ ዘንድ ሄደን አንድ ወር እንቀመጥ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ዝም አልከኝ።»

ሹፌሩ አሰበ። «እንሂድ» አለ።

ለዚህች ቃል ከዓመት በላይ ያዘጋጀችው ክርክር፣ ምስክር፣ ማስረጃ ሁሉ እጇ ላይ ቀረ። ልጇና ምራቷ ወደ ላይ ለመውጣት ደረጃው ላይ ደርሰው ነበር፤ ልጁ አሁን ታረቁ ማለት ነው ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት፣ ከኋላቸው የዳኛዋ ድምፅ ግቢውን ሞልቶ ተከተላቸው።

«ቆይ እንዳትነሣ» ትለው ነበር፣ «ይሄ የመጀመሪያው ክስ ነው።»